የአባዬን ሳቅ ያልነካው ፎቶ ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አሮጌ ፎቶ የሚያድስ ባለሙያ ለምትፈልጉ ይህን እጽፋለሁ። ፎቶ ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ መስታወቱ ላይ የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶ ተደርድሯል። እኔ የወሰድኩት ግን የአባቴን ፎቶ ነበር፤ ለአርባ ቀን ተዝካሩ እንዲደርስ።

ፎቶው የተነሣው ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ በታች፣ ጀማ ወንዝ ዳር ነው። አባዬ የወታደር ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ክንዱን የሚያክል አምባዛ የሚባል አሳ ታቅፎ፣ ድዱ እስኪታይ ይስቃል። ሌሎች ፎቶዎች አሉት፤ በሁሉም ለመታወቂያ እንደተነሣ ሰው ተኮሳትሯል። አባዬን የሚያውቅ ሰው በእነዚያ ፎቶዎች ፊት ቆሞ ሊያለቅስ አይችልም፤ የማያውቀው ሰው ነዋ!

በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ኦጋዴን የዘመተ ሚሊሻ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር ነፃ ስትወጣ እሱም ካራማራ ላይ ነበር፤ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለው የፍንጣሪ ጠባሳ የዚያ ዘመቻ ነው። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ወደ መርሐቤቴ ተመለሰና መንጠቆውን ያዘ። ክረምት ጀማ ደፍርሶ ሲሞላ ይቆዝማል። ውኃው ጎድሎ ሲጠራ ደግሞ የሚያቆመው አልነበረም። ናይለን ክር፣ ክሩን የሚያሰምጥ ቁራጭ እርሳስ፣ ትል ወይም ጉበት፤ ዕቃው ይኸው ነው። ለአሳዎቹ ማዕረግ ይሰጥ ነበር። ትንንሾቹን «ምልምል» ይላቸውና «ሂድ፣ ሥልጠናህን ጨርሰህ ተመለስ» ብሎ ወደ ውኃው ይመልሳቸዋል። አምባዛ በጢሙ ምክንያት ሻምበል ነው። ቅርፊት ስለሌለው በእኛ ቤት አይበላም፤ አባዬ ግን ከሁሉ አብልጦ የሚመኘው እሱን ነበር። ሲይዘው ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ እኛ ልጆቹንም አሰልፎ ሰላምታ ያሰጠናል። ከዚያ በክብር ይለቀዋል። በዚያች ቀን ከመለቀቁ በፊት አንድ ወዳጁ ካሜራ ይዞ ነበር፤ ፎቶው የተገኘው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ባለሙያው የአባዬን ጭንቅላት ቆርጦ ጥቁር ኮትና ቀይ ክራባት ባለው አካል ላይ ለጠፈው። ጠባሳውን አጠፋ፤ ፊቱን እንደ ሸክላ ምጣድ አለሰለሰው፤ አሳውማ ጭራሽ የለም። ለለቅሶ የሚሰቀሉ ትልልቅ ፎቶዎች እንዲህ መሠራታቸው ተለምዷል፤ ለክብር ተብሎ መሆኑም ይገባኛል። ነገር ግን አባቴ ክራባት አስሮ አያውቅም። ገንዘቡን ከፍዬ ወጣሁ፤ ያንን ፎቶ ለእናቴ አላሳየኋትም።

የዚህኛው ፎቶ ቤት ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እትዬ፣ ምን እንዳይነካ ይፈልጋሉ?» ብላ ነው። ፎቶው ከአልበሙ ላስቲክ ጋር ተጣብቆ ነበርና ለመላጥ አልሞከረችም፤ ከነላስቲኩ ስካነር ላይ አስተኛችው። በስልክ ቢነሣ ላስቲኩ ብርሃን እንደሚያንጸባርቅ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ፎቶ ወደ 30 በ40 ሴንቲሜትር ሲያድግ እንዳይደበዝዝም በአንድ ኢንች 1,200 ነጥብ መነበብ እንዳለበት አስረዳችኝ። ቀለሙ በዕድሜ ብዛት ወደ ቀይ አድልቶ ነበር፤ ወንዙ የደም መስሎ ነበር። እሷ ሰማያዊውን ቀስ በቀስ መለሰችለት፤ የሸሚዙ አረንጓዴም አብሮ መጣ።

የተደነቅሁት ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። ስክሪኑን አጉልታ በአምባዛው አፍ አካባቢ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች እያሳየች «ይህች ጭረት ናት ወይስ የአሳው ጢም?» አለችኝ። አምባዛ በሁለቱም ወገን አራት አራት፣ በጠቅላላ ስምንት ጢም እንዳለው ነገርኳት፤ አባዬ ቆጥሮ ያስተማረን ነው። አብረን ቆጠርን። ፎቶው ላይ የሚታዩትን አንድ በአንድ ለይታ አስቀረች፤ ጭረቱን ብቻ አጠፋች። የአባዬን ጠባሳም እንዲሁ ጠይቃ ተወችው። የማታውቀውን ነገር ገምታ አልሠራችም። ለእኔ የዚህ ቤት ትልቁ ሙያ ይህ ነው። በኮምፒውተር ማሳመር የሚችል ብዙ ነው፤ ጠይቆ መተው የሚችል ግን ከእሷ በቀር አላገኘሁም።

እናቴ ፎቶውን ስታይ «ይሄ ሰውዬ አሁንም አሳ ይዞ ይመጣብኛል!» ብላ ሳቀች፤ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። በተዝካሩ ዕለት አብረውት የዘመቱ ሽማግሌዎች ፎቶው ፊት ቆመው ስለ ሻምበሉ ሲያወሩ አመሹ። የጎረቤት ልጆችም አምባዛው ምን ያህል ይመዝናል ብለው ተከራከሩ።

ጉድለት አለ። ፍሬማቸው ቀላል ፕላስቲክ ነው፤ መስታወቱም ሳሎናችን ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ ሲሰቀል ያብለጨልጫል። ስለዚህ ኅትመቱን ብቻ ወስዳችሁ ፍሬሙን አናጢ ጋር በእንጨት አሠሩ። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማልና ቀጠሮው ሊራዘም ስለሚችል ለተዝካር የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ዋጋው ከተለመደው ከፍ ይላል፤ ቅድሚያ ግማሹን ትቀበላለች። የታደሰውን ፎቶ በፍላሽ ስጭኝ ብትሏት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትሰጣለች። እኔም ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ለየብቻ ያሳተምኩት ከዚያው ነው።