አንዋርና ራጉኤል ጋር ያለው ታፔላ የሌለው ፉል ቤት

መርካቶ ለምትውሉ ሰዎች፣ አንዋር መስጊድና ራጉኤል አካባቢ ውስጥ ለውስጥ አንድ ፉል ቤት አለ፣ ታፔላ ስለሌለው የሐጂ ቤት ብላችሁ ጠይቁ። ፉሉ አንደኛ ነው፣ ባቄላው በስሎ ግን ቡኮ አልሆነም፣ ቃሪያና ሽንኩርቱ እዛው ተከትፎ ነው የሚመጣው፣ ሻዩ ላይ ሄልና ቅርንፉድ አይሰስቱም። 120 ብር ነው፣ ዳቦ ከጨመራችሁ ለሁለት ይበቃል።

ይሄን የምፅፈው ግን የስራ ቦታ ልጆች "ኧረ እዛማ አክራሪዎች ናቸው" እያሉ ሰው ስለሚያስቀሩ ነው። ምን አያችሁ ስላቸው ሐጂ ፂማቸውን አስረዝመዋል፣ ልጃቸው ኒቃብ ታደርጋለች፣ አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ በቃ ማስረጃው ይሄ ነው 😂 እኔ ራሴ እሮብና አርብ የምፆም፣ የሙስሊም ስጋ የማልበላ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አክራሪ ልባል ነው እንዴ? ስጋ እንደማልበላ ሐጂም ያውቃሉ ተቀይመውኝ አያውቁም፣ ልጅቷ ጭራሽ እሮብ ገና ስገባ "ያለ እንቁላል ነዋ?" ትለኛለች።

አይሲስን የሚያነሱም አሉ። እሺ፣ 2007 ሚያዝያ ላይ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችን የታረዱ ጊዜ መጅሊሱም አውግዟል፣ ሙስሊሙም አብሮን አልቅሷል፣ በዛው አመት መስከረም ላይ ደሞ 126 የሙስሊም ሊቃውንት ለአይሲስ መሪ ለባግዳዲ ግልፅ ደብዳቤ ፅፈው የምትሰሩት ነገር በእስልምና ክልክል ነው ብለው አንድ በአንድ ዘርዝረውለታል። ሰሙ? 2008 ሰኔ ላይ ባግዳድ ከራዳ ሰፈር በረመዳን ማታ ለገበያ የወጣ ህዝብ ላይ ቦምብ አፈንድተው ከ300 በላይ ሰው ፈጁ፣ የሞተው አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ እነዚህን ነው እንግዲህ የሐጂ ተወካይ የምታደርጓቸው።

2012 ታህሳስ ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉስ? እኔ በዛን ሰሞን ማተቤን አንገቴ ላይ እንዳረኩ እዚህ ቤት ገብቼ በልቻለሁ፣ እንደ አቃጣይ ያየኝ የለም።

ወደ ቤቱ ስመለስ፣ ወንበሩ ጥቂት ስለሆነ ምሳ ሰአት ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ የእጅ መታጠቢያው ውሃ የሚኖረው ሲፈልግ ነው፣ ይሄን ቢያስተካክሉ ደስ ይለኛል። ቴሌብር ይቀበላሉ። ስጋ የሚበሉት ጓደኞቼ ሩዝ በስጋው ከፉሉም ይበልጣል ይላሉ። አርብ ከ6 ተኩል እስከ 8 ሰአት ገደማ ዝግ ነው፣ በከንቱ እንዳትለፉ።