የቻይና ባለ ሦስት እግር ለወፍጮ ቤት ትሆናለች?

ደብረ ማርቆስ ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ። ከእህል ተራ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ደንበኛ ቤት የሚመላለሰውን ጭነት ለዓመታት የተሸከሙልኝ አህዮች ናቸው። አሁን ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ ጭነት ባለ ሦስት እግር ገዝቻለሁ። «እንዴት ናት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የአምራቿን ስም አልጠራም። በየሱቁ ሌላ ስም ተለጥፎባት ብታዩም ዕቃዋ ያው ነው።

ከጥሩው ልጀምር። አምስት ኩንታል ጭነን ከእህል ተራ ስንመለስ አታቃስትም። አህያ በደህና ቀኗ ከግማሽ ኩንታል እምብዛም አልፋ አትሸከምም። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የቤንዚን ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስገባ ከፍታው አይነካውም። ዳገቱን ስትወጣ ድምፅ የላትም፤ ባለቤቶቻቸው እንኳ የማያስቆሟቸው ውሾች እሷን ንቀው ይተዋሉ። የነዳጅ ሰልፍ የለም፣ ጥቁር ገበያ የለም። ማታ ግቢ ውስጥ ትሰካለች፣ ጠዋት ትነሣለች።

ችግሩ ባትሪው ላይ ነው። አምስት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 60 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ሲደክም የቀሩትን ይዞ ይወርዳል። ሹፌሩ፣ የእህቴ ልጅ፣ ቻርጁ እስኪያልቅ ድረስ መንዳት ይወዳል፤ ይሄ ደግሞ የእርሳስ ባትሪ ገዳይ ነው። ግማሽ ሲደርስ መሰካት እንዳለበት ሻጩ አልነገረንም። የመመሪያ መጽሐፉም በቻይንኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፣ አንድ መስመር አማርኛ የለውም። በክረምት ኮንትሮለሩ፣ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ውኃ ገብቶበት ተቃጠለ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ መንገዱም በየጊዜው ስለሚዘጋ፣ ባለ ሦስት እግሯ ቆማ አህዮቹ ሠሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወፍጮውም እሷም አብረው ይተኛሉ።

ከገጠር እህል ይዘው የሚመጡ አንድ ደንበኛዬ ዙሪያዋን ዞረው አዩና «እትዬ፣ ይቺ እኮ ሳር አትበላም!» አሉኝ። «አትበላም አያ፣ ብር ነው የምትበላ» አልኳቸው።

ስለ ብሩ ላንሳ። እኔ 380 ሺህ ከፍያለሁ። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ያወጣው የቀረጥ ልክ አለ፤ ተገጣጥሞ የሚመጣው 15 በመቶ፣ ግማሹ የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተፈታትቶ መጥቶ እዚህ የሚገጠመው ዜሮ። በጥር 2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሥራው እዚህ ይሠራ ነው። ግን ብሎን ማጥበቅና ባትሪ መሥራት አንድ አይደለም። ገንዘቡ ያለው ባትሪው ውስጥ ነው፤ ባትሪው የሚሠራው ቻይና ነው።

እዚህ ላይ የአህዮቹን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቻይናዎች የአህያ ቆዳ ቀቅለው ኢጃኦ የሚባል የባህል መድኃኒት ይሠራሉ። የራሳቸው አህያ እ.ኤ.አ. በ1992 ከነበረው 11 ሚሊዮን ገደማ ወደ 2 ሚሊዮን አካባቢ ሲወርድ ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ አዞሩ። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያለው እኛ አገር ነው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የቻይና ባለሀብት የከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘጋ። ቁጣው ሥጋውን ከመጸየፍ ብቻ የመጣ አልነበረም። አህያ አንድ ውርንጭላ ለመውለድ ዓመት ያህል ታረግዛለች፤ ጠፍታ ካለቀች ቶሎ አትተካም። ውኃ የምትቀዳ እናት፣ ማዳበሪያ የሚያስጭን ገበሬ፣ እንደ እኔ ያለ ወፍጮ ቤት በምን ይጫን?

ኒጀርና ቡርኪና ፋሶ ቀድመው ከልክለው ነበር። አንዱ አገር ሲዘጋ ግን ነጋዴው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። በየካቲት 2016 አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ ሁሉ እንዲቆም ወሰኑ። ስብሰባው የተደረገው ቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥታ በስጦታ ባሠራችው፣ በጥር 2004 በተመረቀው ሕንጻ ውስጥ ነው። ቤቱን የሠራላቸውን ወዳጅ በዚያው ቤት ቁጭ ብለው «ይሄንን አትነካም» አሉት። ወዳጅነቱም አልፈረሰም። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ቤይጂንግ ላይ የቻይናና የአፍሪካ ትብብር መድረክ ሲከፈት ቻይና ለሦስት ዓመት 360 ቢሊዮን ዩዋን ቃል ገባች።

የቻይናና የአፍሪካ ጥቅም የሚገጥምበት ቦታ ግልጽ ነው። እነሱ ገበያ ይፈልጋሉ፣ እኛ መንገድ፣ መብራትና ርካሽ ዕቃ እንፈልጋለን። ይቺ ባለ ሦስት እግር እራሷ የዚያ ውል ልጅ ናት፤ ያለ ቻይና ፋብሪካ በእኔ አቅም የምትገዛ አትሆንም ነበር። የሚጋጩበት ቦታ ደግሞ ማን ያምርት የሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቻይና ለአፍሪካ ወደ 179 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃ ሸጣ ወደ 117 ቢሊዮን ገደማ ገዝታለች። ከኅዳር 2017 ጀምሮ እኛን ጨምሮ ድሃ ለሚባሉ አገሮች ቀረጥ ዜሮ አድርጋለች። ደግ ነገር ነው። ግን ቀረጡ የተነሳለት የምንሸጠው ዕቃ ብዙው አሁንም ጥሬ ነው።

በአህያው ላይ የታየው አንድ ድምፅ በባትሪው ላይ አይታይም። ቤይጂንግ ላይ መሪዎቹ ከፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ጋር በየተራ ተገናኝተው እያንዳንዱ የራሱን ስምምነት ይዞ ተመለሰ። በአንጻሩ ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለባትሪ የሚሆነው ጥሬ የሊቲየም ማዕድን ከአገር እንዳይወጣ ስትከለክል የቻይና ኩባንያዎች እዚያው ማቀነባበሪያ መትከል ያዙ። ብቻዋን ይሄን ካገኘች፣ ከ2013 ጀምሮ በአንድ ገበያ እንነግዳለን ያሉት የአፍሪካ አገሮች ተባብረው ቢጠይቁ ምን ሊያገኙ ይችሉ እንደነበር እናንተው ገምቱ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ልጅ «አጭበረበራችሁን» እያሉ መጮህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። እሱ የተሰጠውን ነው የሚሸጥ።

ለመግዛት ያሰባችሁ እንግዲህ ይሄን ያዙ። ከተማ ውስጥ የምትሠሩ፣ ቆጣሪያችሁ የራሳችሁ ከሆነ፣ መንገዳችሁም አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ከሆነ ግዙ፤ ወጪዋን ትመልሳለች። ለቀበሌ መንገድ፣ በተለይ ለሐምሌና ነሐሴ ጭቃ፣ እስካሁን አልመክርም። ጭነት ይዛ ቁልቁል ስትወርድ ፍሬኗ ደካማ ነው፣ ከአራት ኩንታል በላይ ጭናችሁ ቁልቁለት አታውርዷት። የእርሳሱን ትታችሁ በሊቲየም ባትሪ የምትሠራውን ለመግዛት አቅሙ ካላችሁ ጨምሩና ውሰዱ፣ ክብደቷም ይቀላል ዕድሜዋም ይረዝማል። ኮንትሮለሩን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ እሰሩት። ዋስትናውን ደግሞ በቃል አትቀበሉ። በአማርኛ ተጽፎ፣ ባትሪው በስንት ወር ውስጥ ቢበላሽ ማን እንደሚቀይር ተገልጾ፣ ማኅተም ተመትቶበት ካልተሰጣችሁ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ። እኔ ያገኘሁት ወረቀት ላይ የተጻፈው ስልክ አይነሳም።