በኖራ ድንጋይ ውስጥ የውኃ ጥልቀት ለማስጠናት፦ ቬስ፣ ኢአርቲ ወይስ ቴም?

ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ልታስጠኑ ስትነሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሦስት ዘዴዎች አንዱ ይቀርብላችኋል። ሦስቱም የሚለኩት ውኃውን አይደለም፤ መሬቱ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚከላከል ነው። ደረቅና ድፍን የኖራ ድንጋይ ከ1000 ኦም ሜትር (የዚህ መከላከል መለኪያ) በላይ ሊያሳይ ይችላል። ውኃ ያዘለ ስንጥቅ ሲኖረው ንባቡ በእጅጉ ይወርዳል።

ቬስ፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ላይ ወደ ታች የሚደረግ የኤሌክትሪክ ልኬት፣ ርካሹ ነው። አራት ኤሌክትሮዶች (የብረት ካስማዎች) ይተከላሉ፤ የዳር ሁለቱ በተራራቁ ቁጥር ንባቡ ወደ ጥልቀት ይወርዳል። ስሌቱ ግን የመሬቱ ንብርብሮች እንደ ተነጠፈ ምንጣፍ ጠፍጣፋ ናቸው ብሎ ይነሣል። የኖራ ድንጋይን ውኃ እያሟሟ ይቦረቡረዋል፤ አንዱ ጉድጓድ ሲሞላ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ የተቆፈረው ደረቅ ሊወጣ ይችላል። የላዩን አፈር ውፍረት ለማወቅ ቬስ ይበቃል። በአንድ ነጥብ ቬስ ተማምኖ መቆፈርን ግን ፈጽሞ አልመክርም።

ገንዘብ ካላችሁ ኢአርቲን፣ ማለትም በመስመር የሚደረገውን የኤሌክትሪክ ልኬት፣ ምረጡ። በርካታ ኤሌክትሮዶች በአንድ መስመር ተደርድረው መሬቱን ከላይ እስከ ታች እንደ ተቆረጠ ያሳያሉ፤ ስንጥቁ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚታየውም በዚህ ነው። የሚደርስበት ጥልቀት በግምት የመስመሩ ርዝመት አንድ አምስተኛ ነው። 100 ሜትር ወደ ታች ለማየት 500 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ውል ከፈረመ በኋላ ነው። ዐለቱ ራቁቱን በወጣበት ቦታ ደግሞ ኤሌክትሮዱ መሬቱን በደንብ ስለማይነካ ሥራው ይከብዳል።

ቴም በኤሌክትሮማግኔት የሚለካ ዘዴ ነው፤ መሬት ላይ የሚዘረጋ የሽቦ ቀለበት እንጂ የሚተከል ኤሌክትሮድ አይፈልግም። የኤሌክትሪክ መስመርና የብረት አጥር ይረብሹታል፤ አንዱን ደረቅ ዐለት ከሌላው ደረቅ ዐለት መለየትም ይቸግረዋል። በባሕር ዳርቻ ግን የሚወዳደረው የለም፤ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ወሰኑ ጎልቶ ይወጣል። በዚያ አካባቢ ጣፋጩ ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከወለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል ተብሎ ይገመታል። ከዚያ አልፎ መቆፈር ጨው መሳብ ነው።

የድምፅ ሞገድ ጥናትም ሊቀርብላችሁ ይችላል። ጠንካራው ዐለት የት እንደሚጀምር በደንብ ይነግራል፤ የውኃውን ወለል ግን በዐለቱ ውስጥ አያሳይም ማለት ይቻላል።

በጭቃ የተሞላ ዋሻና በውኃ የተሞላ ዋሻ በሦስቱም ዘዴዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ፣ ባለሙያው ውጤቱን በአቅራቢያ ከተቆፈረ ከየትኛው ጉድጓድ መዝገብ ጋር እንደሚያመሳክር ጠይቁት።