በጅማ ቤት ለመግዛትና ለመሸጥ፦ ኮሚሽኑ የሚገባው ለየትኛው ሥራ ነው?

በጅማ ጸጥ ባሉት የመኖሪያ ሰፈሮች፣ በጊንጆም ሆነ በቆጪ ወይም ወደ ጅረን በሚወስደው አቅጣጫ፣ ለሽያጭ የቀረበ ቤት በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎበት የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ወሬው ከጎረቤት ወደ ባለሱቅ፣ ከባለሱቅ ወደ ደላላ ይተላለፋል፤ ገዢውም ዞሮ ዞሮ ደላላ ዘንድ መድረሱ አይቀርም። ይህ ግምገማ የሚመለከተው በከተማው ከሚሠሩት የቤት ማሻሻጫ ቢሮዎች አንዱን ሲሆን፣ የማመሰግነው ብቻ ሳይሆን የምወቅሰውም ስላለ ስሙን አልጠቅስም። ለራሴ ቤት የገዛሁት በእርሱ በኩል ነው፤ ከዚያ በኋላ አክስቴ የድሮ ቤታቸውን የሸጡትም በዚሁ ቢሮ አማካይነት ስለሆነ አገልግሎቱን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ቢሮው ቤት በማሳየት ረገድ መካከለኛ፣ ሰነድ በማጣራት ረገድ ግን በጣም ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ኮሚሽን የሚገባው ለሁለተኛው ሥራ ነው ባይ ነኝ። ቤት ማሳየት ሰፈሩን የሚያውቅ ማንም ጎረምሳ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው፤ ገዢውን ከፍርድ ቤት ደጃፍ የሚያድነው ግን ወረቀቱን አገላብጦ የሚያነብለት ሰው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከመጀመሪያው ንግግራችን ጀምሮ ያጸናው ደንብ ነበረው፤ የይዞታ ማረጋገጫው በከተማው መሬት አስተዳደር ሳይጣራ ቀብድ አያስይዝም። በብዙ ደላሎች ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው፣ ቶሎ ቀብድ ይያዝ» ይባልና ገዢው በጥድፊያ ብር ይቆጥራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፉ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ብሩን በልቶ አድራሻውን ካጠፋ ሻጭ ላይ ማስመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከማጣራቱ በፊት ቀብድ አልቀበልም የሚል ደላላ ከራሱ ኪስ ላይ ፈርዶ ገዢውን እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

ማጣራቱ ምን እንደሚያካትት በዝርዝር ማየት ተገቢ ነው። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ በባንክ ዋስትና መያዝ አለመያዙ፣ የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት መሆን አለመሆኑ፣ ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ የሊዝ (ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ) የሚለው ሁሉ ይጠየቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ለብዙ ገዢ ግልጽ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ስለሆነ አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑን 99 ዓመት አድርጎ፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ይዞታውን በሊዝ ሥርዓት እንደሚይዘው ይደነግጋል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሳልጠይቀው አስረዳኝ፤ የሊዙን ክፍያ፣ የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሮ ከቤቱ ዋጋ በላይ ምን ያህል መያዝ እንዳለብኝ አሳየኝ። ሌሎቹ ደላሎች ዘንድ እንዲህ ያለ ወረቀት አላየሁም።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ እንደመሆኑ ካርታውም ሆነ ሌላው ሰነድ የሚጻፈው በዚያው ቋንቋ ነው። ከሌላ አካባቢ መጥቶ በጅማ ለሚገዛ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙው ሰው ያላነበበውን ወረቀት ይፈርማል። የቢሮው ሠራተኛ የውሉን እያንዳንዱን አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋዎች እያነበበች ታስረዳለች፤ ያልገባኝ ቦታ ሲኖርም መልሳ ታነበዋለች። ትዕግሥቷን አደንቃለሁ።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋው የታየው በቆጪ ባየነው አንድ ቤት ላይ ነው። ቤቱ ያማረ፣ ዋጋውም የሚያጓጓ ነበር። ሻጭ ነኝ ብሎ የቀረበው ሰው ግን የባለቤቱ ወንድም ሲሆን፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው፤ በእጁ ያለውም ጠቅላላ ውክልና ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ይህንኑ ለይቶ የሚገልጽ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ መለሰለትና «ልዩ ውክልናው ሲመጣ እንነጋገራለን» ብሎ ተነሣ። ሽያጩ ቢያልቅ ኮሚሽን የሚያገኘው እርሱ መሆኑን ሳስብ፣ ለቢሮው ያለኝ ግምት ከፍ ያለው ያን ዕለት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የገዛሁት ቤት በጊንጆ በኩል ነው። ማስታወቂያው «240 ካሬ፣ ሙሉ ግቢ» ይል ነበር። ሠራተኛዋ የካርታውን ኮፒ በግቢው በር ላይ ዘርግታ፣ ሜትሩን አንዱን ጫፍ ለእኔ አስይዛ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ስትለካ፣ ግቢው በእርግጥ ወደ 240 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ በካርታው ላይ የሰፈረው ግን 200 ነው። የጓሮው አጥር ወደ ጎርፍ መውረጃው ተገፍቶ ታጥሯል። ሠራተኛዋ ወደ አዛውንቱ ሻጭ ዞር ብላ «ሐጂ፣ አጥሩ ካርታውን አልፏል፤ ትርፉን በዋጋ ልናስገባው አንችልም» አለቻቸው። ሐጂም ሳቅ ብለው «ይህን ሁሉ ዘመን ማንም ለክቶብኝ አያውቅም» ካሉ በኋላ ቡና አስፈልተው በዋጋው ላይ እንደገና ተነጋገርን፤ ቀነሱልንም። ለልኬቱ ቢሮው ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ያንኑ 240 ካሬ በማስታወቂያ ያወጣው ራሱ ቢሮው መሆኑ አይዘነጋም፤ ማስታወቂያ የሚጽፈውና ካርታ የሚያነበው ሰው በአንድ ክፍል ተቀምጠው የማይነጋገሩ ይመስላል።

ወደ ድክመቱ ስመጣ፣ በወረቀት ላይ ስለማይሰፍረው ነገር ሁሉ ቢሮው ግድ የለውም። ጅማ ዝናብ የማይጠግብ ከተማ ነው፤ በልጉም በክረምቱም ይዘንባል። ብዙው የከተማው መሬት ደግሞ ዋልካ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ መሠረቱ ያልጠለቀ ቤትም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ከታዩት ቤቶች በአንዱ የሳሎኑ ማዕዘን ላይ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ የሚወጣ ስንጥቅ ነበር፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ያስገባል። አዲስ ቀለም ተቀብቶበታል። ቤቱን የሚያሳየን ልጅ «የልስን ነው፣ ችግር የለውም» ብሎ አለፈው። በራሴ ወጪ የወሰድኩት ግንበኛ ግን ከውጭ በኩል መሠረቱን ጥቂት ቆፍሮ አይቶ፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ጋር እየወረደ መሆኑን ነገረኝ። በጭቃ በተሠሩት ቤቶች ደግሞ ምሰሶውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ምስጥ የበላውን በድምፁ ይለያል። ለዚህ ሙያተኛ የከፈልኩት ከኮሚሽኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ቢሮው አንድ ግንበኛ አብሮ ቢያሠራ ምን ያህል ይጠቀም ነበር!

«ውሃና መብራት ያለው» የሚለው የማስታወቂያ ሐረግም ሲመረመር ቆጣሪ አለ ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶውን ለመሙላት የሚበቃ ግፊት እንዳለው የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው፤ ቢሮው ጎረቤት እንድንጠይቅ አልመከረንም፣ አልከለከለንምም። «ጸጥ ያለ ሰፈር» የሚለውም እንዲሁ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያሳዩን አንድ ቤት ከግቢው ዛፎች ጋር ገነት ይመስል ነበር፤ በሥራ ቀን ብቻዬን ስመለስ ከጎን ያለው የእንጨት ሥራ ቤት መላጊያ ማሽን ጆሮ ያደነቁራል። ጅማ በበርጩማዋና በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ይህ የሚያኮራ ነገር ቢሆንም መላጊያው ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ ሲሆን ኩራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቤቱን በሥራ ቀን፣ ቢቻልም ዝናብ በጣለ ማግሥት ማየት ይሻላል።

በሻጭ በኩል ያየሁት አገልግሎት ከዚህ የተሻለ ነበር። የአክስቴ ቤት ካርታ በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። ሥራ አስኪያጁ ገና ቤቱን ሳያይ «እትዬ፣ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት አውጥተዋል? ልጆቹስ ሁሉም ተስማምተዋል?» ብሎ ጠየቃቸው። ማስረጃው ስላልነበረ ማስታወቂያውን አቆይቶ መጀመሪያ እርሱ እንዲያልቅ አደረገ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የጋራ ነው ተብሎ የሚገመት በመሆኑ የሟቹ ድርሻ ለወራሾች፣ የአክስቴ ድርሻ ለራሳቸው መሆኑንም አስረዳቸው። ለሽያጩም ቡና ተለቅሞ እስኪሸጥ እንዲጠብቁ መከራቸው፤ በጅማ የቡና ብር በእጁ የገባ ሰው ቤት ይፈልጋልና ምክሩ መሬት የረገጠ ነበር።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የዋጋውን ጉዳይ ነው። አንዳንድ ደላላ ሻጩ ከጠየቀው በላይ ጨምሮ ለገዢ ይነግርና ልዩነቱን ወደ ኪሱ ያስገባል፤ ሻጩ ቤቱ በስንት እንደተሸጠ የሚያውቀው ከሰፈር ወሬ ነው። ይህ ቢሮ ሻጩ የሚጠይቀውን ዋጋ በጽሑፍ ያስፈርማል፣ ገዢና ሻጭንም በመጨረሻው ድርድር ፊት ለፊት ያገናኛል። ፎቶ አነሣሡ ግን ያሳፍራል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ የተነሣ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይቀር የሚታይበት ፎቶ በቴሌግራም አውጥተው ነበር። የአክስቴ ልጅ መስኮቱን ከፍታ፣ ግቢውን አስጠርጋ እንደገና ካነሣችው በኋላ ነው ደዋይ የበዛው።

ክፍያው ከገዢ 2 በመቶ፣ ከሻጭ 2 በመቶ ሲሆን፣ ግማሹ ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት ተፈርሞ ሲመዘገብ፣ ቀሪው ስም ሲዛወር ይከፈላል። ይህ አከፋፈል ተገቢ ነው፤ ደላላው እስከ መጨረሻው አብሮ እንዲመላለስ ያደርገዋልና። ደረሰኝ ግን ካልተጠየቁ አይሰጡም።

የእኔ ውል ያልሸፈነው አንድ ነገር ነበር፤ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ስም ማዛወር ለእኔ ስለተተወ፣ ያልተከፈለውን የቆየ ሒሳብ ለማስተካከል ከሐጂ ጋር ከቤቱ ርክክብ በኋላ መነጋገር ግድ ሆነ፤ እርሳቸውም ሳያንገራግሩ ከፍለዋል። በአክስቴ ሽያጭ ጊዜ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬው፣ ሻጭ የቆጣሪዎቹን ሒሳብ ዘግቶ ማረጋገጫ ሳያቀርብ የመጨረሻው ክፍያ እንዳይፈጸም የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ አስገብቷል። ወደ ቢሮው የሚሄድ ገዢ ይኸው አንቀጽ በእርሱም ውል ውስጥ እንዲገባ ይጠይቅ፤ እምቢ እንደማይሉ አይቻለሁ።