ቤት ከመግዛትዎ በፊት ማን ይመርምርልዎ? ግምበኛ፣ የባንክ ገማች፣ መሐንዲስ ወይስ አማካሪ ድርጅት፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚገዙ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ሰነዱን አይዘነጋም። ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል፤ ውሉንም ሕጉ እንደሚያዘው በጽሑፍ አድርጎ ያጸድቃል። በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ ግን ስለ ግድግዳው ስንጥቅ የሚጠይቅ አንድም ቢሮ የለም። ለግል ቤት ሽያጭ የሕንፃ ምርመራ ግዴታ ስላልሆነ ማስመርመር የገዢው ፈንታ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን ፊት ለፊት የሚታይን ጉድለት በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ ለገዛ ሰው ዋስትና አይቆምለትም። የሚቀረው ማንን ይዞ መሄድ እንደሚሻል መምረጥ ነው።

ልምድ ያለው ግምበኛ በቀላሉ የሚገኝና ብዙ የማያስከፍል ነው። ቤቱ የጭቃ ወይም ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ከሆነ፣ በእኔ ግምት ትናንት ከተመረቀ መሐንዲስ እርሱ ይሻላል። የምሰሶውን ሥር በቢላ ወጋ አድርጎ ምስጥ መግባቱን ያውቃል፤ ግንቡ ሆዱን ነፍቶ እንደሆነ ከጥጉ ቆሞ በዐይኑ ይለካዋል። አቅሙ የሚያልቀው አርማታና ፌሮ ላይ ሲደርስ ነው። ቃሉም በወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ ነገ ጉድለት ቢገኝ የሚጠየቅበት መንገድ የለም። ደግሞ ጥገናውን ራሱ ሊሠራ የሚያስብ ግምበኛ ትንሹን ስንጥቅ ማግዘፉ አይቀርም።

የባንክ ገማች ብዙ ጊዜ በሙያው መሐንዲስ ነው፤ ሆኖም የሚሠራው ለእርስዎ አይደለም። ባንኩ ከእርሱ የሚፈልገው ብድሩ ባይመለስ ንብረቱ ስንት እንደሚያወጣ ነው። ስለዚህ ስፋቱን ይለካል፣ የተሠራበትን ዕቃና ማጠናቀቂያውን ይመዘግባል፣ ለእርጅናው ይቀንሳል። ኮርኒሱን ገልጦ የጣራውን እንጨት አያይም፤ ይህም የሥራ ድርሻው አይደለም። «ባንክ አይቶታል» የሚል ደላላ ሲያጋጥምዎ ይህንን ያስታውሱ።

መሐንዲስ ላይ ስንደርስ ነገሩ ሰፋ ይላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፦ ምድብ ሀ ተራውን መኖሪያ ቤት፣ ምድብ ለ ከዚያ ከፍ ያለውን፣ ምድብ ሐ ደግሞ የሕዝብ መገልገያን፣ ፋብሪካንና ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ይይዝ ነበር። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ባለሙያም ደረጃው ከፍ ይላል። ስለዚህ የባለሙያ ምዝገባው የጸና መሆኑን፣ ደረጃውም ለሚያዩት ቤት የሚመጥን መሆኑን ይጠይቁ። «ሲቪል መሐንዲስ» የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም፤ ዕድሜውን በሙሉ በመንገድ ሥራ ላይ ያሳለፈ ሰውም ሲቪል መሐንዲስ ነው።

ብቃቱን ከወረቀቱ ይልቅ አካሄዱ ይነግርዎታል። ደሴ ላይ ደህና መርማሪ መጀመሪያ ወደ ቤቱ አይገባም። ከበላይ ወዳለው ዳገት ወጥቶ የክረምት ውኃ በየት እንደሚወርድ፣ የድጋፍ ግንቡ የውኃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለው ያያል። ጦሳ ተራራ ሥር የተቆረጠ ዳገት ላይ ለቆመ ቤት አደጋው ከመሬቱ ይመጣል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ጥቁር አፈር ባለበት ደግሞ በክረምት አልዘጋ የሚል በር ወይም መሀሉ ያበጠ ሊሾ ይፈልጋል፤ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱም አብሮት ይነሣል ይወርዳል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። በልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነውን መስመር አልፎት ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ የወጣው ስንጥቅ ዘንድ ይቆማል። የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ከሰፋ መሠረቱ በአንድ ወገን መስመጡን ይጠረጥራል። በመዶሻ ኮለኑን ቀስ እያለ ይመታል፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ሽፋኑ ከፌሮው ለቋል ማለት ነው። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ካለ መምታትም አያስፈልገውም። ግንባታው ተቋርጦ ፌሮው ለዓመታት ዝናብ ሲመታው የቆየ ቤት እዚህ ላይ ይጋለጣል።

የመሬት መንቀጥቀጥን የማያነሳ መርማሪ ወሎን አያውቅም። አካባቢው ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ምድር ቤቱ ሱቅ ሆኖ ግድግዳ ያልተሠራለት፣ በቀጫጭን ኮለኖች ብቻ የቆመ ባለ ፎቅ ቤት ከዚህ አንጻር መታየት አለበት።

እንዲህ ላለው ቤት የምሕንድስና አማካሪ ድርጅት መቅጠር ተገቢ ነው። የአርማታ ጥንካሬ መለኪያና ፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ሊኖረው ይችላል፣ አፈሩን አስቆፍሮ ያያል፣ ሪፖርቱም የድርጅቱን ማኅተም ይይዛል። ለአንድ ተራ የብሎኬት ቤት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የቤት ልምድ ያለው አንድ መሐንዲስ ይበቃል። አሮጌ የጭቃ ክፍል ካለው ግምበኛውንም አብሮ መያዝ ነው።

ማንንም ቢመርጡ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣውን ሰው አይቀበሉ። ከመክፈልዎ በፊት ምን እንደሚያይ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ሪፖርቱ ላይ ፊርማውን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና ያላያቸውን ክፍሎች ያስፍር። ጣራው ላይ ካልወጣ «ጣራው አልታየም» ብሎ መጻፍ አለበት። ምርመራውን ከተቻለ በነሐሴ ያድርጉት፤ በጥር የተቀባ ግድግዳ እርጥበቱን ይደብቃል።

ቤቱ አዲስ ከሆነ ሻጩ ከተቋራጩ ጋር የተዋዋለበትን ሰነድና የርክክብ ወረቀቱን ከካርታው ጋር ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የሕንፃ ተቋራጭ ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ የርክክቡ ቀን ካልታወቀ ግን ያ ዘመን መቼ እንደሚያልቅ ማስረዳት ይቸግራል።