ማኅተም ያለው ሰፕሊመንት ወይስ የሌለው?

ሁለት የቫይታሚን ዲ ሰፕሊመንት (ከምግብ በተጨማሪ የሚወሰድ እንክብል) ብልቃጦች አሉ እንበል። አንዱ እንደ ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ ያለ ገለልተኛ ተቋም ማኅተም አለው። ሌላው የአምራቹ ቃል ብቻ።

ዋጋ፦ ባለማኅተሙ ብዙ ጊዜ ወደድ ይላል።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ ሰፕሊመንት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የኤፍዲኤን (የአገሪቱን የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ማኅተም የሌለው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው መጠን በትክክል መኖሩን፣ እርሳስን የመሰለ ጎጂ ብረት አለመኖሩን ከአምራቹ ውጭ ያረጋገጠልን የለም። ማኅተሙም ቢሆን ስለ ይዘቱ እንጂ ስለ ፈዋሽነቱ አይመሰክርም።

ለማን? ነፍሰ ጡር ወይም ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ባለማኅተሙን ይምረጥ። የዶፒንግ (የተከለከለ አበረታች ንጥረ ነገር) ምርመራ ያለበት ስፖርተኛ ደግሞ ለስፖርተኞች የተለየ ማኅተም ያለውን ይምረጥ። አምራቹ የገለልተኛ ላብራቶሪ ውጤት በግልጽ ካሳየ ሌላውም ያስኬዳል። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ግን የትኛውንም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።