በስልክ ካሜራ ለተለካ ጫማ ቀብድ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ላላችሁ፣ በተለይ ለእናት ለአባታችሁ ጫማ ለማሰራት ላሰባችሁ ነው። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «እግርዎን በስልክዎ ይለኩ፣ በልክዎ ሰርተን ቤትዎ ድረስ እናመጣለን» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ከፈልኩ። የሻጩን ስም አልጠራም። ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ግን ልንገራችሁ።

አባዬ ስኳር አለበት። ሐኪሙ የእግር ጉዞ ካዘዘለት ወዲህ ማለዳ ማለዳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይሄዳል። እግሩ ሰፊ ስለሆነ የገበያ ጫማ ጎኑን ይይዘዋል። በልክ ይሰራል ሲባል ደስ አለኝ። ዋጋው 6,500 ብር ነው፤ 4,000 ብሩን ቀብድ በቴሌብር ላክሁ።

አፑን ጫንኩ። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፊ፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነኪ፣ ከላይ ፎቶ አንሺ ይላል። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ወረቀቱ ላይ አደረገ። አንድ ፎቶ አነሳሁ። 24.9 ሴንቲ ሜትር አለኝ። ግራ እግሩን የጠየቀኝ የለም።

ጫማው በሁለት ሳምንቱ መጣ። አባዬ ለካውና «ያዝ አደረገኝ» አለ። ደወልኩላቸው። «ቆዳ እኮ ነው እህቴ፣ ይለቃል፣ ትንሽ ያድርጉት» አሉኝ። እሁድ ገብርኤል አድርጎት ሄደ። ተመልሶ ካልሲውን ሲያወልቅ ትንሿ ጣቱ ጋ ካልሲው በደም ተጣብቋል። ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። «አልተሰማኝም» አለኝ። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ እንዲህ ነው፤ ጫማ እየላጠው ሰውየው አያውቅም። ቁስሉ ደግሞ ቶሎ አይድንም፣ ሊያመረቅዝም ይችላል። ስኳር ያለበት ቤተሰብ ያላችሁ ይህን ብቻ እንኳ ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ማታ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ ገለጥ አደረግሁት። ከስሩ 40 የሚል ማህተም አለ። አባዬ እኔ ከማውቀው ጀምሮ 42 ነው የሚያደርገው። በልኩ ተሰራ የተባልነው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ 40 ቁጥር ነበር።

ግን 24.9 ከየት መጣ? አባዬን ወረቀት ላይ አቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። 26.5 ሆነ። አፑን መልሼ ከፍቼ ስጎረጉር የወረቀቱ ዓይነት «ሌተር» ተብሎ ተመርጧል። ሌተር አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ወረቀት ነው፤ ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር። እኛ ከጽህፈት መሣሪያ ቤት የምንገዛው ኤ4 ደግሞ 297 ነው። ፎቶ በራሱ ሴንቲ ሜትር አያውቅም። ልኩ የታወቀ ነገር አጠገቡ አድርጎ ነው የሚያሰላው። አፑ የእኔን ወረቀት 279 ነው ብሎ ስላመነ እግሩንም ከመቶ ስድስት እጅ አሳጠረው። አስሉት፤ 26.5 ወርዶ 24.9 ይመጣል። አንድ የጫማ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚለየው 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሁለት ቁጥር በላይ ተሳስቷል ማለት ነው።

ወረቀቱ ቢስተካከልም ከላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ቁመትና ስፋት እንጂ የእግር ጀርባን ከፍታ አያሳይም። አባዬን ደግሞ ከስፋቱ ሌላ እሱም ያስቸግረዋል። ነጭ ካልሲ ነጭ ወረቀት ላይ ከሆነ ጠርዙ ይጠፋበታል። ስልኩ ትንሽ ከዘመመ ልኩ ይዛባል። ሁሉም አፕ አንድ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጡት የአይፎን ፕሮ ስልኮች ርቀት የሚለካ ሴንሰር አላቸው፤ እግሩን ዙሪያውን እየዞሩ የሚያነሱ አፖችም የተሻለ ያያሉ። ግን ልኩ የቱንም ያህል ቢጠራ ጫማው የሚወጠረው ፎርማ በሚባለው የእግር ቅርጽ ባለው ሞዴል ላይ ነው። ሻጩ ያለው የተለመደው ፎርማ ብቻ ከሆነ የእናንተ ልክ ለሱ ቀረብ ወዳለው ቁጥር ይጠጋጋል፣ አለቀ። «ፎርማውን ለኔ እግር ታስተካክላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ብር እንዳትልኩ።

ገንዘቤን ስጠይቅ ያሉኝ ነው ያበሸቀኝ። «ልኩን የላክሽው አንቺ ነሽ፤ በትዕዛዝ የተሰራ አይመለስም።» ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። እግሩን ራሳችሁ እንድትለኩ ሲያደርጉ ጥፋቱንም ለናንተ አስረክበዋል። የ40 ቁጥሩን ማህተም ፎቶ ስልክላቸው ብሎክ አደረጉኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። እኔ ግን ደረሰኝ አልተቀበልኩም፣ ሱቃቸው የት እንደሆነም አላውቅም። ማንን ልክሰስ?

ለማንኛውም አፑን መሞከር ካማራችሁ አንዱን እግር ሦስቴ ለኩት። ውጤቱ በግማሽ ሴንቲ ከተለያየ ተዉት። ከዚያ በእርሳስ ካሰመራችሁት ጋር አስተያዩት።

አሁን አባዬን አሮጌው መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ጫማ ሰሪ ወስጄዋለሁ። «እግር ወደ ማታ ያብጣል፣ በአስራ አንድ ሰዓት አምጪው» አለኝ። አቁሞ ሁለቱንም እግር አሰመረ። በሜትር ጣቶቹ ስር ያለውን ሰፊውን ቦታ ዞረው፣ ቀጥሎ የእግሩን ጀርባ። ግራው ከቀኙ በ4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ በትልቁ ነው የምሰራው አለ። ከጣቱ ፊት አንድ ሴንቲ ያህል ክፍት እተዋለሁም ብሎኛል። ቀብድ 500 ብር ተቀብሎ በወረቀት ፈረመልኝ።

የአባዬ ቁስል ዛሬ 23ኛ ቀኑ ነው። አንድ ቀን እየዘለልን ጤና ጣቢያ እናሳጥባለን፤ እየጠበበ ነው። 40 ቁጥሩ ጫማና እርሳስ ያሰመርኩበት ወረቀት እኔ ጋ አሉ። ለተመሳሳይ ሻጭ ሊከፍል ያሰበ ካለ ይጻፍልኝ፣ አሳየዋለሁ።